ኒልስ ሄንሪክ አቤል፦ በ26 ዓመቱ ያለፈው የሒሳብ ሊቅና ያስተማሩት መምህር

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1817፣ ወሩ ኅዳር ነው። በኖርዌይ ርእሰ ከተማ በክርስቲያኒያ፣ በዛሬዋ ኦስሎ፣ በካቴድራል ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ የሒሳብ መምህር ተማሪውን ክፉኛ ደበደበ። ልጁ ከስምንት ቀናት በኋላ ሞተ። መምህሩ ከሥራው ተወገደ። በአዲሱ ዓመት መጀመሪያም በርንት ሚካኤል ሆልምቦ የተባሉ፣ ገና 23 ዓመት ያልሞላቸው ወጣት በቦታው ተተኩ። ሆልምቦ ከተረከቧቸው ተማሪዎች መካከል ከገጠር ደብር የመጣ፣ ፊቱ የገረጣ፣ በትምህርቱ እምብዛም ያልታወቀ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ስሙ ኒልስ ሄንሪክ አቤል ይባላል።

አቤል የሚለው ስም ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ወላጆች ለወንድ ልጃቸው ያወጡታል። በኖርዌይ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የቤተሰብ መጠሪያ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ የሚያጠና ተማሪ ሁሉ ይህን ስም በአንዱ ወይም በሌላው ምዕራፍ ማግኘቱ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው በተለይ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ በቀረቡት ዓመታት ምን እንደተማረና ማን እንዳስተማረው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አቤል ነሐሴ 5 ቀን 1802 ሲወለድ አባቱ ሶረን ጌኦርግ አቤል በምዕራብ ኖርዌይ በፊንኖይ ደሴት ቄስ ነበሩ። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቤተሰቡ በደቡብ ወደምትገኘው ዬርስታድ ተዛወረ፤ አያቱም በዚያው ደብር አገልግለው ያረፉ ቄስ ነበሩ። አባቱ የተማሩ፣ ለምእመናናቸው የንባብ መጽሐፍ የሚያስገዙ፣ ለለውጥ የሚተጉ ሰው ናቸው። ልጆቻቸውን ፊደልና ቁጥር ያስተማሩትም እርሳቸው ራሳቸው በቤታቸው ነው።

ልጅነቱ ያለፈው በክፉ ዘመን ነበር። ኖርዌይ ያን ጊዜ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ስለነበረች፣ ዴንማርክና ብሪታኒያ በ1807 ጦርነት ሲገጥሙ የብሪታኒያ መርከቦች ባሕሩን ዘጉባት። ኖርዌይ ድንጋያማና ቀዝቃዛ አገር ናት፤ ሕዝቧን ለመመገብ ከዴንማርክ በመርከብ የሚመጣ እህል ትጠብቅ ነበር። ያ እህል ቀረ። በ1812 ደግሞ ውርጭ በማሳ ላይ የነበረውን ሰብል መታው። ውርጭ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ለደጋ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ባላገሩ የጥድ ዛፍን ልጥ እያደረቀና እየፈጨ ከጥቂት ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ይጋግር ጀመር። የቄሱ ቤት ከጭሰኞቹ ቤት የተሻለ ቢሆንም ከችግሩ አላመለጠም። የእናቱ አባት በሪሶር ወደብ የታወቁ ባለጸጋ ነጋዴ ነበሩ፤ የእርሳቸውም ሀብት በባሕሩ መዘጋትና በተከተሉት ዓመታት ተሟጠጠ።

በ1814 ኖርዌይ ከዴንማርክ ተለየች፤ የራሷን ሕገ መንግሥት ጽፋ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ሆነች። የአቤል አባት በዚያ ዓመት በተሰበሰበው ሸንጎ ተመርጠው ተቀምጠዋል። በቀጣዩ ዓመት የ13 ዓመቱን ኒልስ ሄንሪክን ወደ ክርስቲያኒያ ካቴድራል ትምህርት ቤት ላኩት። ትምህርት ቤቱ ስሙ የገነነ ቢሆንም ጊዜው የድካሙ ነበር። በከተማዋ አዲስ ዩኒቨርሲቲ በመከፈቱ ጎበዝ ጎበዞቹ መምህራን ወደዚያ ሄደው ነበርና። የቀሩት ሰዓቱን የሚሞሉ ናቸው። ሒሳብ ማለት የመጽሐፉን ደንብ በቃል መያዝ ነበር፤ አለንጋውም ቅርብ ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አቤልን የተለየ ልጅ ነው ብሎ የመዘገበው ሰው የለም።

ሆልምቦ ክፍሉን ሲረከቡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል። ለተማሪዎቻቸው ከመጽሐፉ ውጭ የሆኑ ጥያቄዎችን መስጠት ጀመሩ፤ ከጥያቄዎቹም ተማሪው የወደደውን መርጦ በራሱ መንገድ እንዲሠራ ፈቀዱለት። ደንቡን መድገም ሳይሆን ደንቡ ከየት እንደመጣ መፈለግ ሥራው ሆነ። ለብዙዎቹ ይህ ጭንቅ ነበር። አቤል ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነ። መምህሩ የሚሰጡት ጥያቄ እያለቀ፣ ለእርሱ ብቻ ለየት ያለ ማዘጋጀት አስፈለጋቸው።

ይህን ጊዜ ሆልምቦ አንድ ውሳኔ ወሰኑ። ልጁን ከክፍሉ ጋር እኩል እያስኬዱ ማቆየት ትተው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለብቻው ያስተምሩት ገቡ። መጀመሪያ የኦይለርን የካልኩለስ መጻሕፍት አብረው አነበቡ። ኦይለር በስዊዘርላንድ ተወልዶ ዕድሜውን በፒተርስበርግና በበርሊን የፈጀ የ18ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ነው፤ መጻሕፍቱም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የተጻፉ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ልጁ ኒውተንን፣ ላግራንዥን፣ ላፕላስን፣ ጋውስን እየተዋሰ በራሱ ያነብ ጀመር። በዘመኑ አንድ ተማሪ ሒሳብን ከሥነ ፈለክና ከላቲን ጋር እኩል ቆጥሮ ፈተናውን አልፎ ይሄዳል እንጂ ሊቃውንቱ የጻፉትን ራሱን ገልጦ አያነብም። አቤል በኋላ ላይ የሒሳብ ዕውቀቱን እንዴት እንዳገኘ ሲጠየቅ የመለሰው ነገር በዚህ ልማዱ ይገለጣል፤ የሊቃውንቱን መጻሕፍት እንጂ የተማሪዎቻቸውን አላነበበም ነበር።

ለገጠር ዘገባ በምወጣባቸው ወረዳዎች ከዩኒቨርሲቲ በወጡ በዓመት በሁለት ዓመታቸው አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሒሳብ የሚያስተምሩ ወጣቶችን አገኛለሁ። ዕድሜያቸው ሆልምቦ ያን ጊዜ የነበሩበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ የሆልምቦን ታሪክ ስናነሣ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ወጣቱ መምህር ቅንነት ብቻ አልነበረም የነበራቸው፣ መጽሐፍ የሚዋሱበት ቤተ መጻሕፍትም ነበር። ኦይለርና ላግራንዥ በመደርደሪያ ላይ ባይኖሩ ኖሮ የሆልምቦ ትጋት የት ድረስ ይሄድ እንደነበር መገመት ይከብዳል።

ሆልምቦ ስለ ተማሪያቸው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ያሰፈሩት ግምገማ ቀርቷል። ልጁ ከታላቅ ተሰጥኦው ጋር ለሒሳብ የማይጠግብ ፍቅር እንዳለው፣ ዕድሜ ካገኘም ታላቅ የሒሳብ ሊቅ እንደሚሆን ጻፉ። ዕድሜ ካገኘ የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ለምን እንዳስገቡ አልገለጹም። ልጁ ደካማ፣ ዘመኑም የሳንባ ነቀርሳ ዘመን ነበር።

በዚያው ጊዜ በዬርስታድ ቤቱ እየፈረሰ ነበር። አባቱ በ1818 እንደገና ለሸንጎው ተመረጡ፤ ነገር ግን በሌሎች አባላት ላይ ማረጋገጥ ያልቻሉትን ክስ በአደባባይ ሰነዘሩ። ይቅርታም አልጠየቁም። ተዋርደው ወደ ደብራቸው ተመለሱ፤ መጠጥ አበዙ፤ በ1820ም ሞቱ። እናቱ ከታናናሽ ልጆቻቸው ጋር በጥቂት ጡረታ ቀሩ። ወደ ክርስቲያኒያ ተልኮ የነበረው ታላቅ ወንድሙም አእምሮው ታውኮ ወደ ቤት ተመልሶ ነበር። ወጣቱ ተማሪ የቤተሰቡ ተስፋ እርሱ ብቻ እንደሆነ አወቀ። ትምህርቱን ለመጨረስ የሚበቃ ገንዘብ ግን አልነበረውም፤ ያሻገረው ትምህርት ቤቱ የሰጠው አነስተኛ ድጎማና የመምህሩ ጥረት ነው።

የአቤልን ስም ያስጠራው ጥያቄ የተጀመረው በዚህ መከራ ውስጥ፣ በመጨረሻው የሁለተኛ ደረጃ ዓመት ነው። ነገሩን ለመረዳት ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ የሚያውቀው ይበቃል። ያልታወቀውን ቁጥር የምንፈልግበት እኩልዮሽ፣ ተማሪዎች ኢኩዌሽን የሚሉት፣ ከፍተኛው ርቢው ሁለት ከሆነ ኳድራቲክ ፎርሙላ የሚባል ቀመር አለው። ቁጥሮቹን በቀመሩ ውስጥ ማስገባት፣ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፣ ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው፤ መልሱ ይገኛል። ርቢው ሦስትና አራት ለሆነውም ጣሊያናውያን ሊቃውንት በ16ኛው መቶ ዘመን ቀመር አገኙ፤ ካርዳኖ በ1545 በመጽሐፉ አሳትሞታል። ርቢው አምስት ሲሆን ግን መንገዱ ተዘጋ። ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የአውሮፓ ታላላቅ አእምሮዎች ቀመሩን ፈለጉ፤ አላገኙም።

በ1821 አቤል ገና የትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ቀመሩን ያገኘ መሰለው። ሆልምቦ አገላብጠው አዩት፤ ስሕተት አላገኙበትም። የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ክሪስቶፈር ሃንስቴንም አዩት፤ እርሳቸውም አላገኙም። በኖርዌይ ከዚያ በላይ ሊመረምረው የሚችል ሰው ስላልነበረ ጽሑፉ ባሕር ተሻግሮ ኮፐንሃገን ወደሚገኙት ወደ ፕሮፌሰር ፈርዲናንድ ዴገን ተላከ። ዴገንም ስሕተት አላመለከቱም። ነገር ግን ብልህ ሰው ነበሩና አንድ ነገር ጠየቁ፤ ዘዴው በአንድ ቁጥራዊ ምሳሌ ተሠርቶ ይታይ አሉ። አቤል ምሳሌውን ለመሥራት ሲቀመጥ ቀመሩ ለሁሉም እንደማይሠራ ራሱ ደረሰበት።

በሕይወቱ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ሦስት የተማሩ ሰዎች ያላዩትን ስሕተት ያየው፣ ትክክል መሆኑን ከሁሉ በላይ የሚመኘው ልጅ ነበር። ይህን ያደረገው ደግሞ ሆልምቦ ባስለመዱት መንገድ፣ ደንቡን አምኖ ከመቀበል ይልቅ ሠርቶ በመፈተን ነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ገለበጠው፤ ቀመሩ ወዴት አለ ከማለት ይልቅ ቀመር ሊኖር ይችላልን ብሎ ይጠይቅ ጀመር።

በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ወሰደ። በሒሳብ የላቀ ውጤት አመጣ፤ በሌሎቹ ትምህርቶች ውጤቱ መካከለኛ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለድሃ ተማሪ የሚሰጠው በቂ ድጎማ ስላልነበረው የተወሰኑ ፕሮፌሰሮች ከገዛ ደመወዛቸው አዋጥተው ደገፉት። ታናሽ ወንድሙንም አምጥቶ አብሮት አኖረው። የሃንስቴን ባለቤት እንደ ልጃቸው ይንከባከቡት ነበር። ትምህርቱን በተመለከተ ብዙ የሚነገር የለም፤ በኖርዌይ ከእርሱ የበለጠ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አልቀረም ነበርና።

በ1823 አንድ ፕሮፌሰር ከኪሳቸው በሰጡት ገንዘብ ኮፐንሃገንን ጎበኘ። እዚያም ክሪስቲን ኬምፕ የተባለች ወጣት አገኘና በኋላ ተጫጩ፤ ለመጋባት የሚበቃ ኑሮ ግን አንድም ቀን አልነበራቸውም። በ1824 የአምስተኛውን ርቢ ጉዳይ ቋጨ። በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሩት በማውጣት ብቻ የሚሠራ አጠቃላይ ቀመር ለአምስተኛው ርቢ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። መልስ የለም ማለቱ አይደለም፤ መልሶቹ አሉ፣ ወደ ሁሉም የሚያደርስ እንዲህ ያለ አንድ ቀመር ግን የለም ማለቱ ነው። ከእርሱ በፊት ሩፊኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪምና የሒሳብ ሰው ይህንኑ ብሎ ነበር፤ ማስረጃው ግን ክፍተት ነበረበት።

ጽሑፉን የሚያሳትምለት ስላላገኘ በገዛ ገንዘቡ አሳተመው። ወረቀትና ማተሚያ ዋጋ ያስከፍላልና፣ ማስረጃውን ሁሉ አጨናንቆ በስድስት ገጽ አሳጠረው። እንዲህ ታፍኖ የተጻፈውን ጽሑፍ አንብቦ መረዳት ለሊቃውንትም ከባድ ነበር። ለጋውስም አንድ ቅጂ ተልኮለታል፤ ታላቁ ጋውስ ግን ሳያነበው እንደቀረ ይነገራል።

መንግሥት በሰጠው ድጎማ በ1825 ወደ ውጭ አገር ተጓዘ። በርሊን ላይ ዕድል ቀናው፤ ኦገስት ክሬሌ የተባሉ መሐንዲስና የሒሳብ ወዳጅ አገኘ። ክሬሌ በ1826 የሒሳብ መጽሔት ሲመሠርቱ በመጀመሪያው ቅጽ ከታተሙት ጽሑፎች በርካታዎቹ የአቤል ነበሩ። ስለ አምስተኛው ርቢ የሠራውም ማስረጃ በዚያ ተዘርዝሮ ወጣ። መጽሔቱ እስከ ዛሬ ይታተማል።

እርሱ በበርሊን ሳለ ከአገሩ አንድ ወሬ ደረሰው። በዩኒቨርሲቲው የነበረው የሒሳብ መምህርነት ቦታ ክፍት ሆኖ፣ ለመምህሩ ለሆልምቦ ተሰጥቷል። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች አቤል ሊቅ መሆኑን አልካዱም። ነገር ግን ለጀማሪ ተማሪዎች ዝቅ ብሎ ማስረዳት ይቸግረዋል፣ ደግሞም በጉዞ ላይ ነው አሉ። በትንሿ ኖርዌይ ሌላ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ አቤል ቋሚ ሥራ የሚያገኝበት በር ተዘጋ። የዘጋበትም፣ በሌላ በኩል፣ ከመከራ ያወጣው ሰው ነው። ብዙዎች በዚህ ይጣላሉ። ሁለቱ አልተጣሉም፤ አቤል ለመምህሩ ረጃጅም ደብዳቤዎችን መጻፉን ቀጠለ፣ ሆልምቦም እስከ መጨረሻው ወዳጁ ሆነው ቆዩ። ልጁ ውስጡን አልተቀየመም ማለት ግን አይቻልም፤ ደሀ ነበርና።

በሐምሌ 1826 ፓሪስ ገባ። በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ሥራ ነው የሚባልለትን ጽሑፍ ጽፎ በጥቅምት ወር መጨረሻ ለፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ አስገባ። እንዲመረምሩት የተመደቡት ኮሺና ሌዣንድር ነበሩ። ሌዣንድር ሽማግሌ ናቸው፤ ኮሺ በራሳቸው ሥራ ተጠምደው ነበር፤ ጽሑፉ በኮሺ ቤት ከወረቀት ክምር ሥር ገባ። አቤል መልስ እየጠበቀ ገንዘቡ አለቀ፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየበላ ቆየ። በዓመቱ መጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ፓሪስን ለቀቀ። የሳንባ ነቀርሳው ምልክትም በዚያው ሰሞን መታየት ጀምሮ ነበር።

በግንቦት 1827 ዕዳውን ተሸክሞ አገሩ ገባ። የተማሪ ልጆችን እያስጠና፣ ከወዳጅ እየተበደረ ኖረ። ከድህነቱም እናቱንና ወንድሞቹን ይረዳ ነበር። ሃንስቴን የምድርን መግነጢስ ለማጥናት በ1828 ወደ ሳይቤሪያ ሲሄዱ በተተኪነት የሚያስተምርበት ጊዜያዊ ሥራ አገኘ። በዚሁ ጊዜ ስሙ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ እየገነነ ነበር፤ አራት የፈረንሳይ ሊቃውንት ለዚህ ወጣት የሚገባው ቦታ እንዲሰጠው ለስዊድንና ለኖርዌይ ንጉሥ አቤቱታ እስከ መጻፍ ደረሱ። ያ አቤቱታ ያመጣለት ነገር አልነበረም።

ለገና በዓል እጮኛው በሞግዚትነት ወደምትሠራበት ወደ ፍሮላንድ የብረት ማቅለጫ መንደር በብርድ በበረዶ ላይ ተጓዘ። እዚያ ታመመ። ሚያዝያ 6 ቀን 1829 በ26 ዓመቱ አረፈ፤ በዚያው በፍሮላንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀበረ። ከሁለት ቀን በኋላ ክሬሌ ከበርሊን ደብዳቤ ጻፉ። በበርሊን ቋሚ የማስተማር ሥራ እንደተገኘለት የሚያበስር ደብዳቤ ነበር።

ሞቶም የሆልምቦ ሥራ አላበቃም። መምህሩ በየመጽሔቱ የተበተኑትን የተማሪያቸውን ጽሑፎች ለዓመታት ሰብስበው በ1839 በሁለት ቅጽ አሳተሙ። ፓሪስ የቀረውን ታላቁን ጽሑፍ ግን ማግኘት አልቻሉም፤ አካዳሚው በ1830 ለሟቹ ከጀርመናዊው ያኮቢ ጋር ታላቅ ሽልማቱን ቢሰጠውም ጽሑፉን ያተመው በ1841 ነው። ሆልምቦ ለኖርዌይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍትንም አዘጋጁ። በ1850 አረፉ።

ዛሬ በኖርዌይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት አገር አቀፍ የሒሳብ ውድድር በአቤል ስም ይጠራል። ከ2003 ጀምሮ የኖርዌይ መንግሥት በየዓመቱ ለዓለም የሒሳብ ሊቃውንት የአቤልን ሽልማት ይሰጣል። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ በሥራቸው ለላቁ የሒሳብ መምህራን የሚሰጥ ሌላ ሽልማት አለ፤ የተሰየመው በበርንት ሚካኤል ሆልምቦ ነው። የአቤል ሽልማት በሚሰጥበት ሰሞን፣ በኦስሎው ካቴድራል ትምህርት ቤት ለመምህራኑ ይበረከታል።